የድራጎኖቹን ቤት ስታሞግሱ የተቃጠለውን ሕዝብም ቁጠሩ

ወገኖቼ፣ ዛሬ ልቆጣችሁ ነው። የምቆጣው ስለምወዳችሁ ነው፣ ግን ቁጣ ቁጣ ነው።

በ"ጌም ኦፍ ትሮንስ" እና በ"ሃውስ ኦፍ ዘ ድራጎን" ድራማዎች ስለምታዩት ድራጎን ጋላቢ የነገሥታት ቤት፣ ስለ ታርጋሪየን ቤት የምታወሩበት መንገድ ልክ አይደለም። የልብ ወለዷን አገር የዌስተሮስን ነገሥታት ከቀዳማዊ ኤጎን ጀምራችሁ እስከ ዴነሪስ ሳትሳሳቱ ትቆጥራላችሁ። የትኛው ድራጎን የማን እንደነበረ፣ ማን ማንን እንዳገባ፣ ማን የማንን ዙፋን እንደቀማ በቃላችሁ ነው። በዚህስ ደስ ይለኛል። የልብ ወለድም ቢሆን ታሪክ መውደድ ደግ ነገር ነው። የሚያስከፋኝ ለዙፋን ተፋላሚዋ ለሬኒራ ወግናችሁ "እኔ ጥቁር ነኝ"፣ ለወንድሟ ለዳግማዊ ኤጎን ወግናችሁ "እኔ አረንጓዴ ነኝ" እያላችሁ በእናት በአባት ስትሰዳደቡ ነው። "ደሙ ነዋ! የንጉሥ ዘር!" እያላችሁ ስታሞጋግሱ፣ ዴነሪስ ሙሉ ከተማ ስታነድ ደግሞ "አበጀች፣ ይበላቸው" ብላችሁ ስታጨበጭቡ ነው። ማንን ነው የሚበላቸው? ዳቦ ጋጋሪውን? ውሃ ልትቀዳ የወጣችውን?

እስቲ ይህን ቤት ከሥሩ እንየው።

ሰዎቹ የመጡት ከቫሊሪያ ነው። ቫሊሪያ በድራጎን እሳትና በባሪያ ጉልበት የቆመች አገር ነበረች። ዴኒስ የምትባል ልጅ አገሪቱ ስትጠፋ በሕልሟ አየች። አባቷ ኤናር አመናትና ዘመድ አዝማዱን፣ ሀብቱን፣ ባሮቹንና አምስት ድራጎኖቹን ይዞ ድራገንስቶን ወደምትባል ደሴት ተሻገረ። ከ12 ዓመት በኋላ ቫሊሪያ እውነትም ጠፋች። እንግዲህ ቤቱ ከመዓት የተረፈ ቤት ነው። ከመዓት የተረፈ ሰው ለሌላው ይራራል ይባላል። እነዚህ ግን ከመቶ ዓመት በኋላ መዓቱን ራሳቸው ይዘው መጡ።

ኤጎን እህቶቹም ሚስቶቹም ከሆኑት ከቪሴኒያና ከሬኒስ ጋር ዌስተሮስን ሊይዝ ዘመተ። አንድ ቀን ሦስቱንም ድራጎኖች በአንድ ሜዳ ላይ ለቀቁ። ዝናብ ጠፍቶ ሣሩም ስንዴውም እንደቆመ ደርቆ ነበር። 4 ሺህ ያህል ሰው በእሳት አለቀ። እናንተ ባለሪዮንን፣ ቫጋርን፣ ሜራክሲስን እንደ ዘመድ ስም ትጠራላችሁ። እነዚያ 4 ሺህዎቹ ግን ጌታቸው ጠርቷቸው የመጡ ሰዎች ናቸው፤ አንዱንም በስሙ የሚጠራው የለም።

ላለመዋሸት ደግ ንጉሥም ነበራቸው። ጄሄሪስ 55 ዓመት ነገሠ። ሕጉን አንድ አደረገ፣ መንገድ አሠራ። ሚስቱ አሊሳን ደግሞ ጌቶች በባላገሩ ሙሽራ ላይ የመጀመሪያዋን ሌሊት የሚያገኙበትን አሳፋሪ ልማድ አስቀረች። እነሱን ብታሞግሱ ምንም አልልም። ግን ስለ እነሱ ስትጨቃጨቁ አይቼ አላውቅም። ሰላም ያወረደ ንጉሥ ክርክር አያደምቅም መሰለኝ።

የሚያደምቀው የሬኒራና የዳግማዊ ኤጎን ጦርነት ነው። ወንድምና እህት፣ አንድ አባት፣ አንድ ዙፋን። እዚህ ላይ ነው ልብ እንድትሉልኝ የምፈልገው።

የንጉሡ የዳግማዊ ኤጎን ሕፃን ልጅ በበቀል ተገደለ። ከገዳዮቹ አንዱ የቤተ መንግሥቱ አይጥ አጥማጅ ነበር። ንጉሡ ጥፋተኛው የትኛው እንደሆነ መለየት ስላልቻለ አይጥ አጥማጆቹን በሙሉ ሰቀላቸው። በሙሉ! እስቲ አስቡት፣ ከሌሊት ተነስቶ በየጓዳው እየተንበረከከ፣ ወጥመዱን እየፈተሸ፣ በዚያችው ሳንቲም ልጆቹን የሚያበላ ሰው ነው። ስለ ዙፋኑ የሚያውቀው ነገር የለም። ጠዋት ግንቡ ላይ ተሰቅሎ ሚስቱ ከታች ቀና ብላ ታየዋለች። ድራማው ይህን ሲያሳያችሁ የጻፋችሁትን አይቻለሁ። "ንጉሡ ሐዘን ላይ ነው፣ ምን ያድርግ?" ነው ያላችሁት። ነውር ነው፣ ወገኖቼ።

"አረንጓዴዎቹ ናቸው እንጂ ሬኒራማ" የምትሉም አላችሁ። ሬኒራ ዋና ከተማዋን ኪንግስ ላንዲንግን ስትይዝ ግምጃ ቤቱ ባዶ ነበር፤ አረንጓዴዎቹ ወርቁን ቀድመው አሽሽተውታል። ታዲያ ጉድለቱን ማን ሞላ? የከተማው ሰው። በመጠጡ፣ በወደቡ፣ በሱቁ ላይ ግብር ተከመረበት። ለእሷ ይዋጋሉ ከተባሉት ሁለት ድራጎን ጋላቢዎች ከዱና ታምብልተን የምትባለውን ከተማ አነደዷት። (ገና በድራማ የምትጠብቁት ካላችሁ ይቅርታ፣ ሳልናገር ማለፍ አልቻልኩም።) እሳቱን ሸሽተው ወንዝ ውስጥ የዘለሉት ሰጠሙ። የቀሩትን ወታደሩ ዘረፋቸው፣ ሴቶቹን ደፈረ።

እኛ ጋ "ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ" ይባላል። የኪንግስ ላንዲንግ ድሃ ግን አንድ ሌሊት ከሰሰ። የሚሰማው ዳኛ ስላልነበረ ድራጎኖቹ የታሰሩበትን ትልቅ ሕንፃ በመጥረቢያና በገጀራ ሰብሮ ገባ። በባዶ እጅ ማለት ይቻላል። በመቶዎች ተቃጠሉ፣ ከኋላ ያሉት ግን አልተመለሱም። በዚያ ሌሊት አምስት ድራጎኖች ሞቱ። እናንተ ለድራጎኖቹ ታለቅሳላችሁ። እኔም እንስሳ ሲሞት አልወድም። ግን እዚያ ድረስ ሰውን ምን አመጣው ብላችሁ አንድ ቀን ጠይቃችሁ ታውቃላችሁ?

እኛኮ ይህን ለመረዳት ልብ ወለድ የማያስፈልገን ሕዝብ ነን። ዘመነ መሳፍንት የምንለው ከ1761 እስከ 1847 ዓ.ም. ያለው ዘመን የአባቶቻችን ነው። ጎንደር ላይ ንጉሠ ነገሥት ይቀመጣል፣ ሥልጣኑ ግን በመሳፍንቱ እጅ ነው። ራስ ሚካኤል ስሑል ኢዮአስን አስገድሎ ሌላ አነገሠ። ከዚያ የየጁ ራሶች ተተካኩ፦ ጉግሳ፣ ማርዬ፣ አሊ። ያ ሁሉ ጦር ስንቁን ከየት ያመጣ ነበር? ከባላገሩ ጎተራ። ወታደር ገበሬው ቤት ያድራል፣ የማረሻ በሬውን ያርዳል፣ የዘሩን እህል ሳይቀር ይበላል፤ ሳምንት ሳይቆይ ደግሞ የሌላው መስፍን ጦር በዚያው መንገድ ይመጣል። በ1823 ዓ.ም. ደብረ ዓባይ ላይ ራስ ማርዬ ወደቀ፣ ደጃዝማች ሰባጋድስ ተማርኮ ተገደለ። የሁለቱን ስም እናውቃለን። ከሁለቱም ወገን አብረዋቸው የወደቁትን ግን ማን መዘገበ? ከዚህ ሕዝብ የወጣ ሰው ዛሬ ተነስቶ "የእኔ ቤት፣ የአንተ ቤት" እያለ ለባዕድ መሳፍንት ሲፎክር ሳይ ያመኛል።

ወደ ታርጋሪየኖቹ ልመለስ፤ አንድ ሰው ቀርቶኛል። አምስተኛው ኤጎን። የአራተኛ ልጅ አራተኛ ልጅ ነው፣ ይነግሣል ብሎ የገመተ አልነበረም። በልጅነቱ ፀጉሩን ተላጭቶ፣ ዘሩን ደብቆ፣ ከአንድ ድሃ ተዋጊ ጋር አገር ለአገር ዞሯል። ከባላገር ጋር አድሯል፣ ጎናቸው ተኝቷል። ሲነግሥ ለእነሱ መብት የሚሰጥ ሕግ አወጣ። ጌቶቹ እንቢ አሉት። ከዚያ ምን አደረገ? ጌቶቹን የሚያስገድድበት ድራጎን ፈለገ። እንቁላል ለማስፈልፈል ሲሞክር ሰመርሆል በተባለው ቤተ መንግሥት እሳት ተነስቶ እሱም ብዙ ሰውም አለቀ። ከሁሉም ደጉ እንኳ፣ የድሃን እንጀራ የቀመሰው እንኳ፣ ምሕረትን በእሳት ሊያስፈጽም ነበር። እኔ ይህን ቤት በቃኝ ያልኩት እዚህ ላይ ነው። የልጅ ልጁ ንጉሥ ኤሪስማ በግማሽ ሚሊዮን ሕዝብ ከተማ ሥር የሚቀጣጠል ፈሳሽ ቀብሮ "አቃጥሏቸው" እያለ ሞተ።

ዴነሪስን የምትወዱ እህቶቼ፣ አውቃለሁ ባሮችን ነፃ አውጥታለች። እውነት ነው፣ አልክድባትም። ግን ሚሪን በምትባለው በያዘቻት ከተማ አንድ ሰው የልጁን የተቃጠለ አጥንት ይዞ ፊቷ ቆሟል። ድሮገን የሚባለው ድራጎኗ ነው የበላት። ሃዚያ ትባላለች፣ አራት ዓመቷ ነበር። የደም ካሳ ተከፈለው። ዴነሪስ ደንግጣ ሌሎቹን ሁለት ድራጎኖች በሰንሰለት አሰረች፣ ድሮገን ግን አልተያዘም። በኋላ ኪንግስ ላንዲንግን ያነደደችው በዚያው በድሮገን ነው።

እናንተ ገጽ የምታስተዳድሩ፣ በየሳምንቱ ድራማውን የምትተነትኑ ልጆች፣ ጎበዞች ናችሁ፣ ብዙ ሰው ይሰማችኋል። "ከጥቁርና ከአረንጓዴ ማን ያሸንፋል?" የሚለውን ድምፅ ማሰባሰብ ተዉት። ስድቡንም ከሥሩ አጥፉት፤ የሚሳደበው የጎረቤታችሁ ልጅ ነው። የሚቀጥለውን ክፍል ስትተርኩ ስለ አይጥ አጥማጆቹ አንድ አንቀጽ ጨምሩ፣ ስለ ታምብልተን ሰዎችም ጻፉ፣ ሃዚያንም በስሟ ጥሯት።