ቦታ የነሳነው እጅ

ከምኖርበት ሕንፃ ስር ለእያንዳንዱ ተከራይ አንዳንድ የዕቃ ማስቀመጫ ጓዳ አለው። የእኔዋ ሁለት ሜትር በሦስት ሜትር ናት። የሌሊት ፈረቃዬን ጨርሼ፣ እንቅልፌን ጠግቤ ስነሳ የምወርደው እዚያች ጓዳ ነው። ቢላዋ እሠራለሁ። ለመሸጥ አይደለም፤ አንድ ጠፍጣፋ ብረት በእጄ ስለት ሲሆን ማየት ነፍሴን ደስ ስለሚላት ነው።

ከተማው ቩፐርታል ይባላል፤ ጀርመን፣ ከሶሊንገን አጠገብ። የሶሊንገንን ስም አገር ቤትም መቀስና ምላጭ ላይ ያየው ብዙ ነው። ተወልጄ ያደግሁት ደግሞ ድሬዳዋ፣ ከዚራ። ባለፈው ጥር ለዘመድ ሠርግ ገብቼ፣ ሐረር ወጥቼ ያየሁትን ልጽፍ ነው። መጀመሪያ ግን የጓዳዬን ላውራ፤ አለዚያ ሐረር ያየሁት ለምን እንዲህ እንደያዘኝ አይገባም።

ጓዳዋ ውስጥ እሳት ማንደድ ክልክል ነው። መዶሻም አይታሰብም። እሑድ ቀኑን ሙሉ፣ በሥራ ቀንም ከምሽቱ አራት ሰዓት በኋላ ጎረቤትን በድምፅ መረበሽ ያስጠይቃል። ስለዚህ እኔ ብረት ቀጥቅጬ ሳይሆን ሞርጄ ነው ቢላዋ የማወጣው። ሲ75 የሚሉትን፣ ከመቶ 0.75 ያህል ካርቦን ያለውን ብረት 3 ሚሊ ሜትር ውፍረት ባለው ጠፍጣፋ እገዛለሁ። ቅርጹን እሥልበታለሁ፣ በመጋዝ እቆርጣለሁ፣ ሞርሳ ላይ አስሬ በሞረድ እፈገፍጋለሁ። ከሁለቱም ጎን እየሳሳ መጥቶ ስለቱ ላይ እስኪገናኝ ብዙ ምሽት ይፈጃል። ብናኙ ጠላት ነው፤ ማግኔት በፌስታል ጠቅልዬ ጠረጴዛው ላይ አዞርበታለሁ፣ ተለጣጥፎ ሲመጣ ፌስታሉን ገልብጬ አወጣዋለሁ። አፍንጫዬን በጭምብል ሳልሸፍን ሞረድ አላነሳም።

እሳቱ የቅዳሜ ነው፤ ጓሮ ያለው ወዳጄ ዘንድ እሄዳለሁ። ሁለት ቀላል የምድጃ ጡቦችን ወስጄ መሐላቸውን ፈልፍያለሁ፤ በጎን በኩል የጋዝ ነበልባል ይገባል። ለአንዲት ቢላዋ ከዚያ በላይ ምድጃ አያስፈልግም። ብረት ሲግል 770 ዲግሪ ገደማ ላይ ማግኔት አይስበውም። ያንን ካየሁ በኋላ ጥቂት ጨምሬ አግለውና ሞቅ ያለ የጎመን ዘር ዘይት ውስጥ እነክረዋለሁ። ከዚያ ሞረድ ሲነካው መስታወት ላይ እንደሄደ ይንሸራተታል፤ ጠንክሯል። እንዲሁ ከተተወ ግን እንደ መስታወትም ይሰበራል። ስለዚህ ቤት ወስጄ በኩሽናው ምድጃ 200 ዲግሪ ላይ ሁለት ሰዓት አቆየዋለሁ፤ አውጥቼ አቀዝቅዤ ደግሞ ሌላ ሁለት ሰዓት። ሲወጣ ገጹ የገለባ ቀለም ይዞ ይወጣል። ያቺን የገለባ ቀለም ያዙልኝ፤ ሐረር ላይ እመለስባታለሁ።

ይህን ሥራዬን የሚያይ ጀርመናዊ ሁሉ ያከብረኛል። ጎረቤቴ የሆኑ አሮጊት ደረጃ ላይ ሲያገኙኝ «የቢላዋ ባለሙያው» ይሉኛል። ሶሊንገን ብትሄዱ ከተማዋ ራሷ «የስለት ከተማ» ተብላ ነው የምትጠራው። ግሬፍራት በሚባለው ሰፈር፣ ድሮ ገዳም በነበረ ሕንፃ ውስጥ የስለት ሙዚየም አላት። ስሟን ማንም እንዳይነግድበት እ.ኤ.አ. ከ1938 ጀምሮ በሕግ ተጠብቋል፤ ዋናው ሥራው እዚያ ያልተሠራ ቢላዋ «ሶሊንገን» ተብሎ ሊታተምበት አይችልም። ያ ሁሉ ዝና በትልልቅ ፋብሪካ ብቻ የመጣ እንዳይመስላችሁ። ሳዮቹና እጀታ ገጣሚዎቹ ብዙዎቹ በየቤታቸው ጎን በተሠራች ትንሽ ክፍል፣ ወይም ቩፐር ወንዝ ዳር ባለች በውኃ ኃይል በምትሠራ የመሳያ ቤት ውስጥ ነበር የሚሠሩት። የዓለም ስለት የወጣው ከጠባብ ክፍል ነው።

አሁን ወደ ሐረር።

በሚኒባስ የደንገጎን ጠመዝማዛ ወጥተን ሸዋ በር ወረድሁ። ከበሩ ውጭ ባለው ገበያ፣ አሮጌ ብረትና ጎማ እንደገና ዕቃ ሆኖ በሚሸጥበት በኩል፣ የመዶሻ ድምፅ ሰምቼ ገባሁ። ሁለት ክንድ በሦስት ክንድ የምትሆን ቦታ፤ ከጓዳዬ ታንሳለች። ከላይ የተቃጠለ ሸራ፣ መሬት ላይ የከሰል ጉድጓድ፣ ከጎኑ በብስክሌት ቸርኬ የሚዞር ማራገቢያ። ማራገቢያውን የሚያዞረው አሥራ አራት ዓመት የሚሆነው ልጅ፣ መዶሻውን የያዘው አባቱ። ሽማግሌ ነው፤ እኛ የድሬና የሐረር ልጆች ትልቁንም ትንሹንም አንተ ነው የምንለው፣ ፍቅር ስለሆነ፤ እዚህም እንደዚያው እጽፈዋለሁ።

መጀመሪያ ዓይኔ የገባው መስፉ፣ ብረት የሚቀጠቀጥበት ነው። ከአሮጌ የባቡር ሐዲድ የተቆረጠ፣ አንድ ክንድ የሚሆን። ግን ሐዲዱን እንደ ሐዲድ አላጋደመውም፤ አቁሞ ቀብሮታል፣ ከመሬት የወጣው ጫፉ ብቻ ነው። ይህን ነገር እኔ ከፈረንጅ መጽሐፍ ነው የተማርሁት። ሐዲድ ሲጋደም መሐሉ ቀጭን ስለሆነ መዶሻውን ያነጥራል፣ ጉልበት ይበላል፤ ሲቆም ግን ክብደቱ ሁሉ ከምትመታው ብረት ስር ይሆናል። ከማን እንደተማረ ጠየቅሁት። «አባቴ ነው የተከለው» አለኝ። ምድር ባቡሩ ድሬ የገባው እ.ኤ.አ. በ1902 ነው፤ ያ ብረት በዚህ ቤት ስንት ዘመን ሲመታ እንደኖረ መገመት ነው።

የያዘው ብረት የአይሱዙ ባሌስትራ፣ መኪናዋን ከስር የሚሸከመው ጠፍጣፋ ብረት ነበር። አግሎ በመሮ ሰነጠቀው፣ መልሶ አግሎ መታው። አሥር ደቂቃ ያህል ነው የፈጀበት፤ እኔ በሞረድ ስንት ምሽት የምለፋበትን ቅርጽ መዶሻው አወጣው። ሸራው ዝቅ ያለው ለፀሐይ ብቻ አልነበረም። የብረት ሙቀት በቀለሙ ነው የሚታወቀው፤ ብርሃን ከበዛ ቀለሙ አይታይም፣ አላግባብ ይግላል። ልጅ ሆኜ «ቀጥቃጭ ጨለማ ይወዳል» ሲባል እሰማ ነበር፤ እንደ ክፉ ነገር። ያ ጨለማ የሙቀት መለኪያው ኖሯል።

ከዚያ የማልረሳው መጣ። ቢላዋውን ቀይ አድርጎ አወጣና ሙሉውን ሳይሆን የስለቱን በኩል ብቻ፣ ሁለት ጣት ያህል፣ የተቃጠለ የመኪና ዘይት ውስጥ ነከረ። ጀርባው እንደ ጋለ ነው። ወዲያው አውጥቶ በተሰበረ የመሳያ ድንጋይ ጎኑን ፈገፈገው፤ ብረቱ ነጭ ሆኖ አበራ። «እይ» አለኝ። አጎነበስሁ። ከጀርባው ሙቀት ወደ ስለቱ መሄድ ጀመረ፣ ቀለምም ይዞ ሄደ። ገለባው ከፊት፣ ቡናማው ከኋላው፣ ሐምራዊው፣ ከዚያ ሰማያዊው፣ እንደ ሠልፍ ተከታትለው። እኔ ስቸኩል ገባውና «ቀስ በል አቦ፣ ቀለሙ ራሱ ይመጣልሃል» አለ። ገለባው የስለቱን ጠርዝ በነካበት ቅጽበት ቢላዋውን ሙሉ በሙሉ ዘይት ውስጥ ከተተው።

እኔ በኤሌክትሪክ ምድጃ አራት ሰዓት ጠብቄ የማገኛትን ቀለም እሱ በጥቂት ትንፋሽ ያዛት። የእሱ ደግሞ ይበልጣል። የእኔ ቢላዋ ከጀርባ እስከ ስለት አንድ ዓይነት ጥንካሬ ነው ያለው። የእሱ ስለቱ ገለባ ላይ ስለቀረ ጠንካራ ነው፤ ጀርባው እስከ ሰማያዊ ስለደረሰ ለስላሳ ነው፣ ቢታጠፍ ይመለሳል እንጂ አይሰበርም። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1976 የተቋቋመ የስለት አንጥረኞች ማኅበር አለ፤ አባሉን ለማዕረግ ሲፈትን ቢላዋው የተንጠለጠለ ገመድ በአንድ ምት ይቆርጣል፣ እንጨት ይፈልጣል፣ ያም ሆኖ ፀጉር ይላጫል፣ በመጨረሻ ሞርሳ ላይ ታስሮ 90 ዲግሪ ይታጠፋል፤ መሰበር የለበትም። ያንን ፈተና ለማለፍ ሰዎች ዓመታት ይለማመዳሉ። የመታጠፉን ምሥጢር እኔ ሸዋ በር፣ በተበሳ ሸራ ስር አየሁት።

ዋጋውን ጠየቅሁ። የነገረኝ ጀርመን አንድ የሞረድ እጀታ የማይገዛ ነው። ግን ያሳዘነኝ ዋጋው ብቻ አልነበረም። ልጁን፣ ማራገቢያ የሚያዞረውን፣ «ትምህርት ቤት አባትህ ምን ይሠራል ሲሉህ ምን ትላለህ?» አልሁት። አባቱን ቀና ብሎ አየና «ነጋዴ» አለኝ። አባቱ መዶሻውን አላቆመም።

ለምን እንደዚያ እንዳለ አውቃለሁ። በኦሮምኛ ቱምቱ፣ በሶማልኛ ቱማል ይባላል፤ ቃሉ «ቀጥቃጭ» ከማለት አያልፍም ነበር። በአማርኛችን ባለእጅ ስንል ምን የከፋ ነገር አለው? እጅ ያለው ማለት እኮ ነው። አፋችን ላይ ግን ሁሉም ስድብ ሆኑ። ቡዳ የሚለው ቃል በአገራችን ብረት ሠሪውን ሲወጋ ኖሯል። ከጀጎል ነባር አምስት በሮች አንዱን ራሱ በአማርኛ ቡዳ በር ነው የምንለው። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብ የሚከለክል አዋጅ አስነግረው ነበር። ከዚያ ወዲህ ስንት ትውልድ አለፈ? ልጁ ግን «ነጋዴ» ነው ያለኝ።

በራሴ ቤት ያለውን ልናገር። አባቴ ጡረታ እስኪወጣ የምድር ባቡር ጋራዥ ቶርኖ ላይ ነበር። ብረት ያገላብጣል፣ ብረት ይቆርጣል፣ ሰማያዊ ቱታውን ለብሶ ማታ ሲገባ ሰፈሩ ተነስቶ ነው ሰላም የሚለው። እናቱ፣ አያቴ፣ በልጇ ትኮራ ነበር። ያቺው አያቴ ማጭድና ቢላዋ የሚሸጥ ሰው በደጃችን ሲያልፍ ምግቡን በሰፌድ ትከድን ነበር፤ ዓይኑን ፈርታ። አንደኛው ከፈረንጅ ማሽን ጋር የመጣ ስለሆነ «ሜካኒክ» ተባለ። ሌላኛው መሬት ላይ ተቀምጦ ስለሠራ ይፈራ ነበር። ብረቱ አንድ ነው። እወዳታለሁ አያቴን፣ ነፍሷን ይማረው፤ ያደረገችው ግን ትክክል አልነበረም።

ጀርመን ውስጥ ቋሚ ስለቱ ከ12 ሳንቲ ሜትር የበለጠ ቢላዋ ያለ በቂ ምክንያት መንገድ ላይ ይዞ መሄድ ያስቀጣል። እኔ የሠራሁትን ወዳጄ ዘንድ ስወስድ በተቆለፈ ሳጥን ነው። እኛ አገር ደግሞ የአፋር ወንድሞቻችን ጊሌ የሚሉትን ጩቤ ወገባቸው ላይ ታጥቀው ገበያ ሲገቡ ማንም ዞሮ አያይም፤ የታጠቀው ሰው ክብሩ ነው። ጊሌውን የቀጠቀጠው ሰው ግን ሲያልፍ ምግብ ይከደናል። እዚያ የሚጠረጠረው ቢላዋው ነው፤ እዚህ የሚጠረጠረው ሠሪው።

ድሬ ያለው የእህቴ ልጅ የእኔን ቢላዋ ፎቶ አይቶ «እኔም እሠራ ነበር፣ ግን ቦታ የለኝም» አለኝ። የሚኖረው በጋራ ግቢ፣ አንድ ክፍል ተከራይቶ ነው። ሞርሳ የሚታሰርበት አንድ ጠንካራ ጠረጴዛ፣ ጥሩ ሞረድና የብርጭቆ ወረቀት ካለህ በቂ ነው አልሁት። ባሌስትራ ካገኘህ መጀመሪያ አግለህ አመድ ውስጥ ቅበረውና ሌሊቱን ይደር፤ ይለሰልሳል፣ ሞረድ ይይዘዋል። የተሰነጠቀ መሆኑን ፈትሽ፣ ብዙ የሠራ ባሌስትራ ዓይን የማያየው ስንጥቅ ይኖረዋል። ዚንክ የተለበጠ ብረት እሳት ውስጥ እንዳትከት፣ ጭሱ ያሳምማል። ከሰሉን ቤት ውስጥ አታንድድ፤ የሚገድለው ጋዝ ሽታ የለውም። የድሬ ፀሐይ ሳይከርር፣ በማለዳ፣ ጎረቤት አስፈቅደህ ሥራ። ግን ከዚህ ሁሉ በፊት ሐረር ውጣና ያ ሰው ዘንድ አንድ ሳምንት ተቀመጥ አልሁት። ዝም አለ። ከእኔ ለመማር ጓጉቶ ነበር፤ ከእሱ ለመማር ግን አፈረ። ቦታ የሚጠበው እዚህ ላይ ነው።

ከመመለሴ በፊት እንደገና ሐረር ወጣሁ። የወጥ ቤት ቢላዋ አዝዤው ነበር፤ የፍየል ቆዳ ሰገባውን ሳይቀር አዘጋጅቶ ጠበቀኝ። እጀታው ግን ገና አልገባም፤ ከጊዲር መገላ ሥጋ ነጋዴዎች ያመጣው ቀንድ ከጎኑ ተቀምጧል። ስለቱ ላይ ስሙን፣ ወይም ምልክቱን እንዲመታልኝ ለመንሁት። ሶሊንገን ያሉት ሁሉ እንደሚመቱ ነገርሁት። ራሱን ነቀነቀ። «እኔ የሠራሁት መሆኑ ሲታወቅ አይገዛም» አለ፤ ሳይመርረው፣ እንደ ተራ የንግድ ነገር።

ደግሜ ለመንሁት። ጥቂት ዝም ብሎ ቆየና ቢላዋውን አገላብጦ ያዘው፤ ስለቱን ትቶ ቀንዱ ውስጥ የሚገባውን ጭራውን ሐዲዱ ላይ አስደገፈ። በወፍራም ሚስማር ሦስት ነጥብ መታበት፣ አንዱ ከላይ ሁለቱ ከታች። የአባቱ ምልክት እንደነበረ ነገረኝ። ከዚያ ጭራውን ሊያሞቀው ወደ ከሰሉ ዞረ፤ ቀንዱ በሙቅ ብረት ነው የሚበሳው።

ልጁ ማራገቢያውን ለቀቀና «ቆይ» አለው። ስልኩን ከኪሱ አውጥቶ፣ ሦስቱ ነጥቦች ቀንዱ ውስጥ ሳይገቡ ፎቶ አነሳቸው።