መካሪ ስትፈልጉ ሥራችሁን ይዛችሁ ሂዱ

«ሜንተር (መካሪ) ፈልጉ» የሚለውን ምክር ያልሰማ ባለሙያ የለም። ምክሩ ልክ ነው። የሚያስቸግረው አፈላለጉ ነው። ብዙዎች አንድ የሚያደንቁትን ሰው ያገኙና «ሜንተሬ ይሁኑ» ይላሉ። ሰውየውም ደስ ብሏቸው እሺ ይላሉ። አንድ ቀን ይገናኛሉ፣ ስለ ጥረትና ስለ ትዕግሥት ይወራል። ከዚያ ስልኩም ይቀዘቅዛል፣ ነገሩም እዚያው ይቀራል። ማንም ማንንም አልበደለም። ሁለቱ ቁጭ ብለው የሚሠሩት ነገር ስላልነበረ ነው።

እኔ እንደማምነው መካሪ የሚገኘው በልመና ሳይሆን በሥራ ነው። ያለቀ ሥራም መሆን የለበትም። ያልገባችሁ፣ የተበላሸባችሁ፣ መሃል ላይ የቆመባችሁ ሥራ ይበቃል።

ማይክል ፋራዳይን አስቡት። በኋላ በኤሌክትሪክ ምርምሩ ዓለም ያወቀው ይህ ሰው ወጣት ሳለ የመጽሐፍ ጥረዛ ተለማማጅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1812 ዝነኛው ኬሚስት ሃምፍሪ ዴቪ ለንደን ውስጥ የሰጣቸውን ትምህርቶች ገብቶ አዳመጠ። የሰማውን በጥንቃቄ ጻፈ፣ ሥዕል ጨመረበት፣ በራሱ እጅ ጠርዞ ለዴቪ ላከለት። በዓመቱ ዴቪ ረዳቱ አድርጎ አስቀጠረው። ልጁ ጎበዝ ነኝ አላለም። እንዴት እንደሚያዳምጥና እንዴት እንደሚሠራ ግን ጥራዙ ተናገረለት።

አሁን ወደ ዛሬው ቢሮ እንምጣ። አንዲት ባለሙያ ሌሊት ሳይቀር የደከመችበትን ሪፖርት ባልደረባዋ ስብሰባ ላይ የራሱ አስመስሎ አቀረበው እንበል። ይህ ያልደረሰበት ሰው ጥቂት ነው። ብቻዋን ስታስበው የሚታያት ሁለት መንገድ ብቻ ነው፦ ዋጥ አድርጎ ዝም ማለት፣ ወይም ሁሉም ፊት መፈንዳት። ማታ ላይ ለአለቃዋ ሁለት ገጽ ኢሜይል ትጽፋለች። ሦስት ዓመት የተጠራቀመ ብሶት አለበት።

ጥሩ መካሪ ኢሜይሉ ሳይላክ ያየዋል። ከዚያ ይጠይቃታል። ሪፖርቱን ማን እንደሠራው አለቃሽ ያውቃል? ስትልኪው ኮፒ ያደረግሽው ማንን ነው? ሰውየው ከዚህ በፊትም እንዲህ አድርጎ ያውቃል? ስሟን መጥራት ረስቶ ከሆነና ልማዱ ከሆነ መፍትሔው አንድ አይደለም። መጨረሻ ላይ ሁለቱ ገጾች ሦስት ዓረፍተ ነገር ይሆናሉ፦ «ማክሰኞ በቀረበው ሪፖርት ውስጥ ትንተናውን የሠራሁት እኔ ነኝ። ጥያቄ ካለ በቀጥታ ለእኔ ይላክልኝ። የሚቀጥለውን ክፍል ራሴ ባቀርበው ደስ ይለኛል።» ስድብ የለበትም፣ ልመናም የለበትም። አለቃዋ ማወቅ የሚገባው ሁሉ ግን ገብቶበታል። ይህን ከስልጠና አዳራሽ አታገኙትም። በዚያው መንገድ ያለፈ ሰው አጠገባችሁ ሲቀመጥ ነው የሚገኘው።

ካቲ ክራም የተባለች አሜሪካዊት ተመራማሪ በ1980ዎቹ ይህን ግንኙነት አጥንታ ሁለት ዓይነት እገዛ እንዳለው አሳይታለች። አንዱ የሥራ ነው፦ ማሠልጠን፣ ከሰው ማስተዋወቅ፣ ከበድ ያለ ሥራ እንዲሰጣችሁ ማድረግ። ሌላው የልብ ነው፦ ማዳመጥ፣ ማበረታታት፣ አርአያ መሆን። ሁለቱን አሟልቶ የሚሰጥ አንድ ሰው ማግኘት ከባድ ነው። ስለዚህ አንድ ፍጹም ሰው ስትጠብቁ ዓመታት አይለፉባችሁ። ለድርድር አንዱን፣ ለሙያው ሌላውን፣ ሆድ ሲብሳችሁ ደግሞ ሦስተኛውን ጠይቁ።

የቅርብ አለቃችሁ ከነዚህ አንዱ ሊሆን ይችላል፣ ብቸኛው መካሪ ግን ባይሆን ይሻላል። የሥራ አፈጻጸም ነጥባችሁን ለሚሞላ ሰው «ይሄ ሥራ አቅቶኛል» ማለት ቀላል አይደለም። እድገት የሚሰጠውም በተጻፈው መስፈርት ብቻ አይደለም። እናንተ በሌላችሁበት ስብሰባ ስማችሁን የሚያነሳ ሰው ያስፈልጋል። ያ ሰው ስማችሁን የሚያነሳው ደግሞ ሥራችሁን በዓይኑ ካየ ነው። ዘመድ የሌለው፣ ትልቅ ሰው የማያውቅ ባለሙያ ወደ ኋላ የሚቀረው አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ጋ ነው። ይህ እውነት ያናድደኛል። ችሎታ ሞልቶት የሚያየው የሚያጣ ሰው ብዙ ነው።

ግንኙነቱ ሁልጊዜ እንዳማረበት አይዘልቅም። ፋራዳይ እ.ኤ.አ. በ1823 የእንግሊዝ የሳይንስ ሊቃውንት ማኅበር ለሆነው ለሮያል ሶሳይቲ አባልነት ሲታጭ የማኅበሩ ፕሬዝዳንት ዴቪ ነበር። ተቃወመው። ፋራዳይ ግን በ1824 ተመረጠ፣ ለዴቪ የነበረውን አክብሮትም አልጣለም። ተማሪው እኩያ ሲሆን የሚከፋው መካሪ ዛሬም አለ። ምክሩ እናንተን ባላችሁበት ማስቀመጥ ከጀመረ፣ አመስግኖ ራቅ ማለት ነውር አይደለም።

መሥሪያ ቤቶችም ጉዳዩን ከወረቀት ማውረድ አለባቸው። የሰው ኃይል ክፍል ስም ከስም አገናኝቶ ቅጽ ያስሞላል፣ ከዚያ ዘወር ብሎ የሚያይ የለም። ነባሩ ባለሙያ አዲሱን የሚያግዝበት ሰዓት ከሥራ ሰዓቱ ካልተቆጠረለት ከየት ያመጣዋል? ማገዙ በግምገማው ላይ ነጥብ ይኑረው። ሁለቱም ካልተግባቡ ያለ ኩርፊያ ሌላ ሰው መቀየር ይቻል።

ለጠያቂዎች አንድ ነገር ልጨምር። ምክሩን ከሞከራችሁት በኋላ ተመልሳችሁ ምን እንደሆነ ንገሩ። ባይሠራም ንገሩ። ሁለት መስመር መልእክት ይበቃል። ብዙ መካሪ የሚሸሸው ጊዜ አጥቶ ብቻ አይደለም። የተናገረው ነገር የት እንደደረሰ ሳይሰማ ስለሚቀር ነው። ውጤቱን የሰማ መካሪ በሚቀጥለው ጊዜ «ያ ነገር እንዴት ሆነ?» ብሎ ቀድሞ የሚደውለው ራሱ ነው።