የዋሽንግተን ወሬ በቦሌ አራብሳ

ቨርጂኒያ ውስጥ ስለ አሜሪካ የውጭ ፖሊሲ የሚያወራ ጎረቤት የለኝም። ወሬው ስለ እንቁላል ዋጋ፣ ስለ ቤት ዕዳ፣ ስለ ልጆች ትምህርት ቤት ነው። ምርጫ ሲመጣም ድምፅ የሚሰጠው በዚሁ ሒሳብ ነው። ሶማሊያን በካርታ ላይ አሳዩን ቢባሉ ብዙዎቹ ይቸገራሉ። ክፋት አይደለም፤ ጉዳዩ ቤታቸው ድረስ አይመጣማ።

ቦሌ አራብሳ እህቴ ቤት ስመጣ ግን ሁሉም ነገር ይገለበጣል። ጀበና ቡና የምትሸጠዋም፣ የኮንዶሚኒየሙ ጥበቃም ዋሽንግተንን ከእኔ በላይ ይከታተላሉ። «ጋሼ፣ ሰውዬው ቀይ ባሕር ላይ ምን አስቧል?» ይለኛል ባለባጃጁ። እኔ እዚያ እየኖርኩ የማውቀው ግብር የምከፍልበትን ቀን ነው።

አያት አካባቢ የፊኒሺንግ ዕቃ የሚሸጥ ሰው የሴራሚክ ዋጋ ለምን እንደጨመረ ስጠይቀው «ሁቲ ነው» አለኝ። (ዓመቶቹን የምጽፈው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።) በእርግጥም በ2023 መጨረሻ፣ የጋዛ ጦርነት ከተጀመረ በኋላ፣ የየመን ሁቲዎች መርከብ መምታት ጀመሩ። ትልልቆቹ የመርከብ ኩባንያዎች የስዊዝን መንገድ ትተው አፍሪካን በደቡብ ዞሩ። አሜሪካና እንግሊዝ በ2024 መጀመሪያ የመንን ደበደቡ። አሜሪካ በ2025 እንደገና ለሁለት ወር ገደማ ደበደበችና በኦማን ሽምግልና ከሁቲዎች ጋር ታረቀች። ዕርቁ የእሷን መርከቦች እንዳይነኩ ነበር። በዚያው ክረምት ሁቲዎች ሁለት የንግድ መርከቦች አሰጠሙ፤ የአሜሪካ አልነበሩም። እኛ ደግሞ አብዛኛው ዕቃችን የሚገባው በጂቡቲ ነው። ባለሱቁ ከ2024 ሐምሌ ወዲህ ብር ምን ያህል እንደወረደ ሳይነግረኝ ቀረ እንጂ ያለው ውሸት አልነበረም። ነጋዴ ሰበብ አያጣም።

ከእህቴ በላይ ያለው ፎቅ ላይ የሚኖሩ አንድ ጡረተኛ ሻምበል አሉ። ኦጋዴን ዘምተዋል። «በአሜሪካ መሣሪያ ሠለጠንን፣ በሩሲያ መሣሪያ ተዋጋን» ይላሉ። እውነታቸውን ነው። አሜሪካ አሥመራ ላይ ቃኘው የሚባል ጣቢያ ነበራት፤ ለንጉሡም ዋነኛ መሣሪያ አቅራቢ ነበረች። በ1977 ፕሬዚዳንት ካርተር በሰብዓዊ መብት ምክንያት ለደርግ የሚሰጠውን ወታደራዊ ዕርዳታ ቀነሰ፤ በዚያው ዓመት የሶማሊያው መሪ ዚያድ ባሬ ወረረን። የዚያድ ባሬ ወዳጅ የነበረችው ሶቪየት ኅብረት ወደ እኛ ዞረች። በ1980 ደግሞ አሜሪካ ከዚያድ ባሬ ጋር ተዋውላ የበርበራን ወደብ መጠቀም ጀመረች። ሁለቱ ኃያላን ወዳጅ ተቀያየሩ፤ ድንበሩና ድንበሩ ላይ የሚኖረው ሰው ግን አልተቀየረም።

ከዚያ ወዲህም ያው ነው። አሜሪካ በ1992 ለረሃቡ ብላ ሶማሊያ ገባች፣ በ1993 ሞቃዲሾ ላይ በአንድ ውጊያ 18 ወታደር ሞተባት፣ በ1994 ወጣች። በ2020 መጨረሻ ትራምፕ 700 ገደማ ወታደሮቹ ከሶማሊያ እንዲወጡ አዘዘ። በ2022 ባይደን 500 የማይሞሉ መልሶ አስገባ። አልሸባብ በየአራት ዓመቱ የሚያሠጋው ምርጫ የለበትም፤ የሚጠብቀው ይሄንኑ ነው። መንግሥታቱም ቢሆኑ «ይሄኛው አራት ዓመቱን ይጨርስና እናያለን» ማለት ለምደዋል። እኔን ከአሜሪካ ጥላቻም ከአሜሪካ ፍቅርም በላይ የሚያሰጋኝ ይሄ መዋዠቅ ነው። ጠላት ብትሆን እንኳን ያወቁትን ጠላት ይጠነቀቁታል።

ከአራብሳ ብዙም ሳይርቅ የቦሌ ለሚ ኢንዱስትሪ ፓርክ አለ። ልብስና ጫማ ይመረትበታል። ሠራተኞቹ ከየገጠሩ የመጡ ሴቶች ናቸው፤ ለሦስት ለአራት ሆነው አንድ ክፍል ይከራያሉ። በሰሜኑ ጦርነት ምክንያት ኢትዮጵያ ከጥር 2022 ጀምሮ ከአጎዋ፣ ማለትም ከአሜሪካ የቀረጥ ነፃ ገበያ፣ ወጣች። ጦርነቱ የራሳችን ሥራ ነው፤ አሜሪካ ላይ አልለጥፈውም። ግን የተቀጣችው ማን ናት? ጦርነቱን ያላወጀች፣ ሸሚዝ የምትሰፋ ልጅ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ፕሪቶሪያ ላይ ስምምነት ተፈረመ፣ አሜሪካም በታዛቢነት ነበረችበት፤ ግፊቷም ሳይረዳ አልቀረም። አጎዋ ግን ከስምምነቱ ጋር አብሮ አልተመለሰም።

እኛ ዳያስፖራዎችስ? በ2021 በዚሁ ጦርነት ጉዳይ በባይደን ተናድደን፣ ለቨርጂኒያ ገዥነት ለሚወዳደረው ሪፐብሊካን ለግሌን ያንግኪን ድምፅ ስጡ እያልን የቀሰቀስን ብዙ ነን። ሰውዬው አሸነፈ። የአንድ ክፍለ ግዛት ገዥ በውጭ ጉዳይ ላይ ሥልጣን እንደሌለው የነገረን ካለም አልሰማነውም። ባይደን ኢትዮጵያን ከአጎዋ እንደሚያስወጣ ለኮንግረስ ያስታወቀው ደግሞ በዚያችው በምርጫው ቀን ነው።

ይሄን ለሻምበል ስነግራቸው ሳቁ።

«ታዲያ ገዥው ሥራው ምንድን ነው?»

«ትምህርት ቤት፣ መንገድ፣ እንዲህ እንዲህ ያለ ነገር።»

«መንገድ ከሠራላችሁማ ምን አጠፋችሁ!» አሉ። «ይልቅ ለእኛም ሰፈር አንድ እንዲህ ያለ ሰው ፈልጉልን።»