ውስኪውን ልቅመሰው በናታችሁ!

ቆይ እኔ ምለው፣ ሀዋሳ ውስጥ አንድ ሰው ውስኪን ከዜሮ ተነስቶ ቀስ ብሎ ማወቅ ቢፈልግ የት ነው ሚሄደው? የምሬን ነው ምጠይቀው። ከፒያሳ እስከ ሐይቅ ዳር ቤቱ ሞልቷል፣ ጠርሙሱ በመብራት አሸብርቆ ተደርድሯል፣ ግን አንድ ነገር ስትጠይቁ ሚነግሯችሁ ዋጋውን ብቻ ነው። "ይሄ ምን አይነት ነው?" "እሱ ውድ ነው።" "እሺ ጣዕሙስ?" "አሪፍ ነው፣ ትልልቅ ሰዎች እሱን ነው ሚያዙት።" በቃ። ይሄ መልስ ነው?

ባለፈው ሐይቅ ዳር ካሉት ቤቶች አንዱ ገብተን ቡርቦን ሚባለው የአሜሪካ ውስኪ አለ ወይ አልኩት አስተናጋጁን። አለ ብሎ ሄደና ጠርሙሱን ይዞ መጣ፣ እንዴት ደስ እንዳለኝ። ጠርሙሱን አዙሬ ጀርባው ላይ የተጻፈውን እስካነብ ልጁ ብርጭቆውን በበረዶ ጢም አድርጎ ሞልቶ፣ ውስኪውን መለኪያ ሳይዝ በአይኑ ቀድቶ፣ ኮካውን ጧ አድርጎ ከፍቶ ደፋበት። "ኮካ አላልኩህምኮ" ስለው "ለሴት ንጹሁ ይከብዳል እህቴ፣ እንደዚህ ነው ሚጣፍጠው" አለኝ። አጠገቤ ለተቀመጠው ወንድሜ ንጹሁን አቀረበለት፣ እሱ ደግሞ ከኮካ ጋር ነበር የፈለገው። ሁለታችንንም አልጠየቀንም፣ አይቶን ወሰነልን!

በኮካ መጠጣት ነውር ነው አላልኩም፣ የወደደ ይጠጣ፣ ገንዘቡ ነው። ግን ኮካ ከተሞላበት በኋላ የትኛውም ውስኪ ኮካ ኮካ ነው ሚለው፣ ታዲያ ያን ሁሉ ብር የከፈልኩት ምኑን ልቀምስ ነው? በረዶውም እንደዛው፣ ቅዝቃዜው ምላስን ያደነዝዛል፣ ሽታውን ይዘጋዋል። ለጀማሪ ሚያስፈልገው ትንሽ ውስኪ፣ ሽታ የሌለው ንጹህ ብርጭቆና ከጎኑ ውሃ ነው። መጀመሪያ ይሸተታል፣ አፍንጫን ብርጭቆው ውስጥ መክተት ሳይሆን ትንሽ ራቅ አድርጎ፣ አፍን ገርበብ አድርጎ፣ አለበለዚያ አልኮሉ አፍንጫችሁን መትቶ ሌላ ምንም አያሸታችሁም። ከዛ በጣም ትንሽ መጎንጨትና አፍ ውስጥ ማቆየት። የመጀመሪያዋ ጉንጭ ታቃጥላለች፣ 40 ፐርሰንት አልኮል ነውኮ፣ አፍ ከለመደው በኋላ ነው ጣዕሙ ሚመጣው። አሁንም ከከበደ ጠብ ጠብ አድርጎ ውሃ መጨመር፣ ማቃጠሉን ያበርደዋል፣ ሽታውንም ይከፍተዋል። ውሃ መጨመር ደግሞ የፈሪ ነው ሚሉ አሉ፣ ውስኪ መቅመስ ሙያቸው የሆኑ ሰዎች ራሳቸው ውሃ ጨምረው ነው ሚቀምሱት።

ደሞ ያ "በአንዴ! በአንዴ!" ሚባለው ነገር። ጠረጴዛ ላይ አንድ ሰው ብርጭቆውን ካሸተተ "ምን ታሸቺዋለሽ፣ መድኃኒት ነው እንዴ" ይባላል። ለዓመታት በርሜል ውስጥ የተኛን ነገር በሁለት ሰከንድ ጉሮሮ ውስጥ ወርውሮ ፊትን አጨማዶ ማስቀመጥ ምኑ ነው ሚያስደስተው? እንደዛ ሚጠጣ ሰው እኮ ውስኪ አይወድም፣ እንዳይቀምሰው ነው ሚያፈጥነው። ቀስ ብሎ የጠጣ ሰው ትንሽ ነው ሚበቃው፣ ማታውን ሙሉ አንድ ብርጭቆ ይዞ መጫወት ይችላል።

እኔን በጣም ሚከነክነኝ ግን ይሄ ነው፤ እኛ እኮ ሲዳማ ምድር ላይ ተቀምጠን የይርጋጨፌና የሐረር ቡና ሲፈላ በሽታው ምንለይ ሰዎች ነን፣ እናቶቻችን ቡናው ትንሽ ካረረ ከጓዳ ሆነው ያውቃሉ፣ ውስኪ ላይ ስንደርስ ያ ሁሉ አፍንጫና ምላስ የት ሄዶ ነው ዋጋው ብቻ ሚታየን?

ቡርቦን ምን እንደሆነ እንኳን ሚነግራችሁ የለም። የአሜሪካ ነው፣ የ1964ቱ የኮንግረስ ውሳኔም የአገሪቱ መለያ ምርት ነው ብሎታል፣ አብዛኛው ኬንታኪ ነው ሚሰራው ግን የግድ ኬንታኪ መሆን የለበትም። ከእህሉ ቢያንስ 51 ፐርሰንቱ በቆሎ ነው፣ አዎ በቆሎ፣ ማታ ማታ ሐይቅ ዳር ከሰል ላይ ሚጠበሰው። የቀረው ብዙ ጊዜ ራይ ሚባል እህልና የገብስ ብቅል ነው፣ ሜከርስ ማርክ ሚባለው ቡርቦን ደግሞ በራይ ፋንታ ስንዴ ነው ሚያስገባው፣ ለዛ ነው ለስለስ ሚለው። በርሜሉ አዲስ የኦክ እንጨት ሆኖ ውስጡ በእሳት የከሰለ መሆን አለበት፣ ቀለም ማጣፈጫ ምናምን አይጨመርበትም። ያ ቫኒላ ቫኒላ፣ የተቃጠለ ስኳር ሚመስለው ጣዕም፣ ያ ቀላ ያለ መልክ፣ ከዛ ከከሰለ እንጨት ነው የወጣው። በርሜሉ አዲስ መሆን ስላለበት አንዴ የሰራበት ለቡርቦን አይመለስም፣ ብዙው ወደ ስኮትላንድ ሄዶ ስኮች ይሞላበታል። ይሄን ሳውቅ ብርጭቆዬን ሌላ አይን ነው ያየሁት! ጃክ ዳንኤል ደግሞ ጠርሙሱ ላይ ቴነሲ ውስኪ ነው ሚለው፣ በርሜል ከመግባቱ በፊት በሜፕል እንጨት ከሰል ይጣራል። ጄምሰን የአየርላንድ ነው፣ ሶስት ጊዜ ነጥሮ ነው ሚወጣው፣ ቀለል ይላል። አንዳንድ ስኮቾች፣ በተለይ አይላ ሚባለው የስኮትላንድ ደሴት ላይ ሚሰሩት፣ ብቅሉ በጭስ ስለሚደርቅ ጭስ ጭስ ይላሉ፣ ቆንጆ ናቸው ግን ለጀማሪ በሱ አይጀመርም። ይሄን አንድ አስተናጋጅ በአንድ ደቂቃ ሊነግረኝ ይችላልኮ፣ አለቃው ቢያሰለጥነው።

የዓመቱ ነገርማ አይነሳ። ብላክ ሌብል ላይ ያለው 12 ማለት ውስጡ ከተቀላቀሉት ሁሉ በዕድሜ ትንሹ ውስኪ በርሜል ውስጥ 12 ዓመት ቆይቷል ማለት ነው። በርሜል ውስጥ! ጠርሙስ ከገባ በኋላ ዕድሜው አይቆጠርም። ስንቱ ቤት ነው ለሽምግልና የመጣ ውስኪ ቡፌ ውስጥ ተቆልፎበት "ይሄኮ አሁን ሃያ ዓመቱ ነው" ሚባለው። ዘላለም ቢቀመጥ ያው ነው፣ ከፍታችሁ ከምትወዱት ሰው ጋር ቅመሱት። ቡርቦን ላይ ትልቅ ቁጥር ስላላዩ ደሞ "ይሄ ህጻን ነው" ብለው ሚንቁ አሉ። የኬንታኪ በጋ ሞቃት ነው፣ በርሜሉም አዲስ ነው፣ እንጨቱ ቶሎ ነው ሚገባበት፣ ለሱ 6 ወይ 8 ዓመት በቂ ነው፣ ከ18 ዓመት ስኮች ጋር በቁጥር ማወዳደር ምንድነው?

እሺ ይሁን፣ ይሄን ሁሉ ራሴ አንብቤ ደረስኩበት፣ ቅዳሜ ማታ ስሄድ "ጠረጴዛ ከያዛችሁ በጠርሙስ ብቻ ነው" ይሉኛል። ቀምሼው ማላውቀውን ነገር እንዴት ነው ሙሉ ጠርሙስ ምገዛው? በመለኪያ ሽጡልኝ፣ ዛሬ አንዱን ነገ ሌላውን ልቅመስ፣ የወደድኩትን በጠርሙስ ምገዛው ያኔ ነው፣ እናንተም ትጠቀማላችሁ። ከፍታችሁ ይዛችሁልኝ አትምጡ ደሞ፣ ማሸጊያው አይኔ እያየ ይቀደድ። ባዶውን ጠርሙስ "አይፈልጉትም አይደል" ብሎ ተሽቀዳድሞ ሚወስድ ሰው ሳይ ልቤ ይጠረጥራል፣ ፎርጅድ ይወራል፣ እኔ ደሞ ጀማሪ ነኝ፣ ትክክለኛውን ሳላውቅ ውሸቱን በምን ልለየው?

እና በናታችሁ የሀዋሳ ልጆች፣ በመለኪያ ሚሸጥ፣ ፊት ለፊት ሚቀዳ፣ ሳይጠየቅ ኮካ ማይደፋ፣ "ይሄ ከምን ተሰራ" ሲባል ማይቆጣ ቤት ምታውቁ ካላችሁ ጻፉልኝ። ታቦር ስርም ይሁን አቶቴ እመጣለሁ። የባር ባለቤት ሆናችሁ ይሄን ምታነቡም ካላችሁ፣ አንድ ሰራተኛችሁን ብቻ አስተምሩልኝ፣ ጓደኞቼን ሰብስቤ ምመጣው እኔ ነኝ።