ከበሮውን መልሱላቸው

ባለፈው እሁድ ቱሉ ዲምቱ አካባቢ በሚገኝ አንድ ትምህርት ቤት የወላጆች ስብሰባ ነበር። የእህቴ ልጅ ዘጠነኛ ክፍል የምትማረው እዚያ ነው። እናቷ ሥራ ላይ ስለነበረች እኔ ሄድኩ። ስለ ዩኒፎርም ተወራ፣ ስለ ውሃ ተወራ። ከዚያ ርእሰ መምህሩ ተነሱና የኪነ ጥበብ ክበቡ ሦስት ወር ሲለማመደው የቆየው ሙዚቃዊ ቴአትር መሰረዙን ነገሩን። አዳራሹ ቅዳሜ ቅዳሜ ለቲቶሪያል ይፈለጋል። ከበሮውና ኪቦርዱም ዕቃ ግምጃ ቤት ገብተው ተቆልፎባቸዋል። «ዘፈን ዩኒቨርሲቲ አያስገባም» አሉ። ግማሹ ወላጅ አጨበጨበ። አንድ አባት ከኋላ «አዝማሪ ልታደርጓቸው ነው እንዴ?» ሲሉ የቀረው ሳቀ።

እኔ አልሳቅኩም። እጄን ባወጣም ዕድል አልተሰጠኝም።

ዘፈን ዩኒቨርሲቲ ያስገባል። ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ አካል ነው። ዩኒቨርሲቲው ቴአትርንም በዲግሪ ያስተምራል። ክወናና ዕይታ ጥበባት በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት መጽሐፍ ወጥቶለት በአንደኛ ደረጃ የሚሰጥ ትምህርት ነው። ትምህርት ቤት የሚመራ ሰው ይህን ሳያስታውስ ያን ሁሉ ወላጅ ፊት እንዲህ መናገር አልነበረበትም።

«አዝማሪ» የምትለዋ ደግሞ የባሰች ናት። በዚህ አገር ዕውቀት ከትውልድ ትውልድ የተሻገረው በዜማ ነው። የቄስ ተማሪ ፊደሉን የሚቆጥረው እያዜመ ነው። ወሎ ላይ ሃይማኖት በመንዙማ ተሰብኳል። አዝማሪውም ቢሆን ሌላው አፉን ሲይዝ ባላባቱን ፊት ለፊት በሰምና ወርቅ የሚነካ ሰው ነበር። የእህቴ ልጅ እንዲህ ያለ አንደበት ቢኖራት ኩራቴ ነው።

ፈተናው ከባድ ነው፤ እሱን አልክድም። ግን ውጤቱን እናስታውስ። በ2014 ዓ.ም. አሥራ ሁለተኛ ክፍል ከተፈተኑት ሃምሳ በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ናቸው። በ2015 ደግሞ 3.2፣ በ2016 5.4። የቀሩትን የጣላቸው ዘፈን አይደለም። አብዛኞቹ አንድም ቀን መድረክ ረግጠው እንደማያውቁ እወራረዳለሁ።

አሁን ስለ ቴአትሩ ልንገራችሁ። ልጆቹ ራሳቸው ናቸው የጻፉት። ታሪኩ የጠዋት የታክሲ ሰልፍ ነው። እዚህ ዳር አገር ለሚኖር ሰው ከዚህ የቀረበ ታሪክ የለም። ተሰላፊው ሁሉ ለምን እንደሚቸኩል ተራ በተራ ይዘፍናል። አንድ ጎረምሳ «አስቸኳይ ነው!» እያለ ሰልፍ ይሰብራል። ተራ አስከባሪው ያባርረዋል፤ እሱ በሌላ በኩል ይመጣል። በመጨረሻ ሁሉም ያፍርና «እርስዎ ይቅደሙ»፣ «ኧረ በሞቴ እርስዎ» ይባባላል። ይሄኔ ታክሲው ባዶውን ይሄዳል። ልምምዱን ሳይ ከሳቅ ብዛት እንባዬ መጣ።

አንድ መምህር ከስብሰባው በኋላ «ቴአትር ካስፈለገ ቁም ነገር ያለው ይሁን፤ ስለ ስደት፣ ስለ ሱስ» አሉኝ። ቁም ነገር ማለት መጨረሻ ላይ ሰው የሚሞትበት ነው ያለው ማን ነው? የሚኒ ሚዲያ ድራማዎቻችንን አስታውሱ። ልጅቷ ሁሌም ትሞታለች፣ እናት ሁሌም ታለቅሳለች፣ ተማሪው ሁሌም ያዛጋል። የመጀመሪያው ዘመናዊ ቴአትራችን፣ በ1910ዎቹ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የጻፉት፣ እኮ አውሬዎች የሚናገሩበት ኮሜዲ ነበር። ቤተ መንግሥቱ ስለነደደው ታገደ። ባዶ ቀልድ ቢሆን ማን ይደነግጥለት ነበር?

ደግሞ የሳቅ ቴአትር የሚሰጠውን ቲቶሪያል አይሰጥም። ክፍል ውስጥ የተሳሳተ ልጅ ይሾፍበታል። ስለዚህ ዝም ማለትን ይማራል። የእህቴ ልጅ እንደዚያ ነበረች። ከካዛንቺስ ተነስተው ገላን ጉራ ከገቡ ወዲህ ዘግታ ነበር። ጓደኞቿ ተበታትነዋል፣ አዲሱን ሰፈር አታውቀውም። እዚህ ቴአትር ላይ የታክሲውን ረዳት ሆና መጫወት ጀመረች። አንድ ቀን ልምምድ ላይ ሁለተኛው ስንኝ ጠፋት። ቀጥ ብላ ቆመች። ተራ አስከባሪውን የሚጫወተው ልጅ ወዲያው አዝማቹን መልሶ አነሳ። ሌሎቹ ተቀበሉት፣ ከበሮው አልቆመም። እሷም በአዝማቹ ተሳፍራ ተመለሰች። ከዚያ ሁሉም ሳቀ፤ እሷም አብራ ሳቀች። ማታ ደውላ «አጎቴ፣ ጠፍቶኝ ነበር እኮ፤ ግን ምንም አልሆነም!» አለችኝ። በየትኛው የሒሳብ ክፍለ ጊዜ ነው አንድ ልጅ ሰው ፊት ተሳስቶ «ምንም አልሆነም» ብሎ ቤቱ የሚገባው? እኔ ይህን የተማርኩት ሥራ ከያዝኩ በኋላ ነው፤ ያውም ብዙ ዋጋ ከፍዬ።

ሰልፍ ሰባሪውን የሚጫወተው ልጅ በውን ሰልፍ የሚሰብር ነበር። ራሱን መድረክ ላይ አየው። አሁን ወረፋ ይጠብቃል። ከተሰላፊዎቹ አንዷን፣ አያት ሆና የምትጫወተው ልጅ እዚያው አካባቢ ተወልዳ ያደገች የገበሬ ልጅ ናት። የግጥሙን ግማሽ በአፋን ኦሮሞ አደረገችው። የኮንዶሚኒየም ልጆች ያን ግጥም ለመዝፈን ቃሉን እየጠየቋት አጠኑት። እነዚህ ልጆች አንድ ግቢ እየዋሉ ለየብቻ ነበር የሚቀመጡት። ያገናኛቸው የታክሲ ሰልፍ ዘፈን ነው። እሱ ነው የተሰረዘው።

ልጆቹ አልተዉትም። ሐሙስ ዕለት በአንዱ ብሎክ ኮሙናል ውስጥ አገኘኋቸው። በከበሮ ፈንታ ቢጫ ጀሪካን ይመታሉ። ድምፁ ይቀፋል፤ አዝማቹ ግን እስከ አስፋልቱ ይሰማል። ርእሰ መምህሩ አዳራሹን ለቲቶሪያል ይያዙት። የዕቃ ግምጃ ቤቱን ቁልፍ ግን ይስጡን። ቅዳሜ ስምንት ሰዓት ላይ በር ላይ እጠብቅዎታለሁ፤ ከበሮውን እኔ እሸከመዋለሁ።