ወሬ ብቻ አይደለም

አንድ ጸሐፊ የጓደኛሞች የምግብና የዝነኞች ወሬ ጊዜ ማባከን ነው ብለው መጻፋቸው አልተዋጠልኝም። እኔና የልብ ጓደኛዬ ቡና ስንጠጣ አቦሉ የሚያልቀው በሽሮ ክርክር ነው። እሷ ተጋቢኖ በሸክላ እየተንተከተከ ካልቀረበላት አትበላም፤ እኔ ደግሞ ፈሰስ ያለች፣ እንጀራው ውስጥ ሰርጋ የምትገባ ሽሮ ነው የምወደው። «አንቺ እኮ ሽሮ ሳይሆን ሾርባ ነው የምትበዪው» ትለኛለች። «አንቺስ ምጣዱን ልትቆረጥሚው ምን ቀረሽ?» እላታለሁ። ከዚያ ወደ ዝነኞቹ። ጥሩነሽ ዲባባና ስለሺ ስህን በ2001 ዓ.ም. ሲጋቡ የነበረውን ሰርግ ዛሬም እናነሳዋለን፤ ሁለት የኦሎምፒክ ባለሜዳሊያዎች ተሞሽረው ማየት ስንቱን አስደስቷል! (የሰው ትዳር የሚያምስ ሐሜት ግን እኔም አልወድም።)

ዋናው ጉዳይ የሚወጣው በረካው ሲቀዳ ነው። በቅርቡ ጓደኛዬ ዕቁብ ደርሷት የእናቷን ጣሪያ ታሳድስ ወይስ የወንድሟን የኮሌጅ ክፍያ ትክፈል ጨንቋት ነበር። እሷ «ምከሪኝ» ብላ የምትጀምር ሰው አይደለችም። ያ ሁሉ ጨዋታ ካፍታታት በኋላ ነው የተነፈሰችው። ክረምቱ እየመጣ ስለሆነ ጣሪያው ይቅደም አልኳት፤ ለኮሌጁ የእኔ ዕጣ ሲወጣ አበድራታለሁ።