ቁልፉን ለምን ቀማችኋት?

ወገኖቼ፣ ዛሬ ቁጣዬን ቻሉኝ። ባለፈው ወር በእድራችን ስብሰባ ላይ የሆነውን ዋጥ አድርጌ ልለፈው ብል እምቢ አለኝ።

ገንዘብ ያዣችን ጎረቤቴ ናት። እንደሷ ያለች ሴት በየሰፈሩ አትጠፋም። ለቅሶ ሲሆን ጥሩንባው ሳያበቃ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ትወጣለች። ድንኳኑ ሳይተከል ሽንኩርቱ ተከትፏል። የመዋጮ ቀን ኮሚናሉ በር ላይ ጠረጴዛዋን አውጥታ ትቀመጣለች። ሁሉንም በስሙ ትጠራለች። ዘግይቶ የመጣውን እያሳቀች ትቀጣዋለች። በስድስት ዓመት ውስጥ አንድ ብር ጎድሎባት አያውቅም።

ይህች ሴት አብዛኛውን ጊዜ ታማ ነበር። ማናችንም አላወቅንም። ጠዋት ዓይኗን ስትገልጥ ቀድሞ የሚመጣባት ሐሳብ «ምነው ባልነቃሁ» የሚል ነበር። «ለቅሶ ቤት ይሻለኝ ነበር» አለችኝ በኋላ። «እዚያ ሲያለቅሱ ለምን ብሎ የሚጠይቅ የለም።»

ለዓመታት የጨጓራ ታማሚ ነኝ ብላ ኦሜፕራዞል ውጣለች። ኢንዶስኮፒ ታይታ ምንም የለብሽም ተብላለች። አገራችን ውስጥ ድባቴ (ዲፕሬሽን የሚሉት) በአብዛኛው እንዲህ ነው የሚመጣው፤ ራሴን፣ ወገቤን፣ ያቃጥለኛል፣ ልቤን ይለኛል እያለ። በመጨረሻ ጤና ጣቢያ ውስጥ አንዲት ወጣት ጤና መኮንን ሌላ ጥያቄ ጠየቀቻት። እንቅልፍሽስ? ድሮ ደስ የሚልሽ ነገር ዛሬም ደስ ይልሻል? ከመቼ ጀምሮ? ሐኪም ምልክቱ ሁለት ሳምንት ከቆየ ይጠረጥራል፤ እሷ የቆጠረችው በዓመት ነበር። ድባቴ ነው ተባለች። ማታ ማታ የምትወስደው አሚትሪፕቲሊን ታዘዘላት።

ይህ መድኃኒት አፍ ያደርቃል፣ ሲጀምሩት ያፈዛል። ጥቅሙ እስኪታይ ደግሞ ሳምንታት ይፈጃል። ስለዚህ በስብሰባው ላይ ተነሥታ እንዲህ አለች፦ «ሐኪም የድባቴ መድኃኒት ጀምሮልኛል። እስኪለምደኝ ጠዋት ያፈዘኛል። ለሚቀጥለው መዋጮ አንድ ሰው አጠገቤ ይቀመጥልኝ።»

የጠየቀችው ይኸው ነው። ጉንፋን ይዞኛል ብትል ኖሮ ማር በዝንጅብል ይላክላት ነበር።

«የምን መድኃኒት?» አለ አንዱ። «የአማኑኤል?» አለ ሌላው ከኋላ። ሳቅ ተሰማ። ስንቱን ሰው ያዳነ የአእምሮ ሆስፒታል፣ እኛ ጋ ስሙ ስድብ ሆኖ ቀረ! ሰብሳቢያችን ጉሮሯቸውን ጠራረጉ። «እህቴ፣ አንቺን ለማሳረፍ ብለን ነው። የሕዝብ ገንዘብ ነው፤ ነገ አንድ ነገር ቢፈጠር ለአንቺም ጥሩ አይደለም» አሉ። እጅ አውጡ ተባለ። የተቃወምነው ሦስት ሰዎች ነን።

ቦርሳዋን ከፈተች። የካዝናውን ቁልፍ አወጣች። ደረሰኙን፣ መዝገቡን፣ የባንክ ደብተሩን ደረደረች። «ቆጥራችሁ ተረከቡኝ» አለች። ቆጠሩ። ልክ ነው። «እግዚአብሔር ይማርሽ» አሏትና ሻይ መጣ። እሷም ፈገግ ብላ ብርጭቆውን ተቀበለች። ስድስት ዓመት ሙሉ ያየሁት ፈገግታ ነው። ምን እንደሚሸፍን ያወቅኩት ግን ያን ቀን ነው።

አሁን እናንተን ልጠይቅ። ከሷ በፊት የነበረው ሰውዬ ሂሳብ ጎድሎበት አልነበረም? በሽምግልና አለቀ፤ «ተሳስቶ ነው» ተባለ። ሰብሳቢያችን ራሳቸው የደም ግፊት ክኒናቸውን እፊታችን አይደለም እንዴ የሚውጡት? ውሃ የሚያቀብላቸው ሰው ይሻማል። ታዲያ የሷ ክኒን ምን በድሎ ነው ቁልፍ የሚያስቀማ?

እስኪ አስቡት። ታማ ስትደብቅ ገንዘባችንን ሰጠናት። መታከም ስትጀምር ነጠቅናት። በሽታው ሲበላት «ጠንካራ ሴት» አልናት። መዳን ስትጀምር ጠረጠርናት። ከዚህ የባሰ ጅልነት ካለ አሳዩኝ።

በዚያ ክፍል ውስጥ ሌላ ታማሚ አልነበረም ብላችሁ ታስባላችሁ? የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ከድባቴ ጋር የሚኖረውን ሰው 280 ሚሊዮን ያህል አድርሶታል። ሰፈራችን ከዓለም ውጭ አይደለም። ከኋላ ተቀምጦ ሁሉንም ሲሰማ የነበረ አንድ ሰው፣ አንዲት አራስ፣ አንድ ጡረተኛ፣ ያን ቀን ትምህርቱን ይዞ ወደ ቤቱ ገብቷል። ከተናገርክ ትነጠቃለህ የሚል ትምህርት። ያስተማርነው ደግሞ በእጅ ብልጫ ነው።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» እያልን እንተርታለን። ማን ነው የሚያስደብቀው? ቤት አለሽ፣ ልጆችሽ ደርሰውልሻል፣ ምን ጎደለሽ የሚለው ማን ነው? ሲብስብን ደግሞ «ጠግባ ነው» እንላለን። ይህን ያለ ሰው በስብሰባው ነበር፤ ስሙን አልጠራም፤ ራሱን ያውቃል።

ጸበል ትሂድ ያላችኋትንም ሰምቻለሁ። ትሄዳለች፤ ድሮም ትጠመቅ ነበር። ጸበሉን ከክኒኑ ጋር ያጣላችሁት እናንተ ናችሁ እንጂ እሷ አይደለችም።

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ቸርነታችን ነው። ሰው ሲሞት እኮ እንደኛ የሚሆን የለም። ሥራ ጥለን፣ ወንበር ተሸክመን፣ ሦስት ቀን ድንኳን ውስጥ እናድራለን። ያንን ልብ ቆሞ ለሚሄድ ሰው ማዋል እንዴት አቃተን? ሞቷን ቢሆን ኖሮ ሁላችሁም ደረት ትመቱ ነበር። ሕይወቷን ይዛ ስትመጣ ነው የከበዳችሁ።

ከስብሰባው ሳምንት በኋላ፣ መሸት ሲል፣ እጁን አውጥቶ ከፈረደባት አንዱ በሯን አንኳኳ። ሚስቱ ከወለደች ወዲህ አትተኛም፣ አትበላም፣ ልጁንም ማየት አትፈልግም። «ያቺ ጤና መኮንን በየትኛው ቀን ነው የምትገኘው?» አላት ድምፁን ቀንሶ። ይህን የነገረችኝ እሷ ናት፤ ማን እንደሆነ ግን አልነገረችኝም። እኔ ብሆን በሩን እዘጋበት ነበር። እሷ በማግስቱ ሚስቱን ራሷ ይዛት ሄደች።

ምርጫ ሐምሌ ላይ ነው። አጀንዳ አስይዣለሁ፤ ስሟንም እጠቁማለሁ። ባለፈው ሦስት ነበርን፤ ያ ሰውዬ እጁን ካወጣ አራት እንሆናለን። ያውጣ አያውጣ እንጃ። እሷም እሺ ትበል አትበል አላውቅም።